የአባይ ደለል ስንት ነው? ቁጥሩን የሚያወጡት ፕሮግራሞችና የጎደሉን ናሙናዎች

ከኢትዮጵያ ደጋ ታጥቦ በአባይ በኩል ድንበር የሚሻገረው ደለል በዓመት 140 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነው ይባላል። ቁጥሩ ከጥናት ወደ ዜና፣ ከዜና ወደ ስብሰባ እየተላለፈ ብዙ ሰው ጆሮ ገብቷል። ዝቅ አድርገው ወደ 110 ሚሊዮን ቶን የሚያወርዱትም አሉ። ይህን ያህል አፈር ማንም በሚዛን አልመዘነውም፤ ሊመዝነውም አይችልም። ሁለቱም ቁጥሮች የተገኙት ከተወሰኑ ጠርሙሶች ድፍርስ ውሃ፣ ከረጅም ዘመን የፍሰት መዝገብና ሁለቱን ከሚያያይዝ ስሌት ነው። ዛሬ ስሌቱን የሚሠሩት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ናቸው፤ አብዛኞቹ በነጻ ይገኛሉ። ግብዓት የሚሆናቸው ናሙና ግን በነጻ አይገኝም፤ ችግራችንም ያለው እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ከተመረቀ ወዲህ ይህ ጉዳይ በቀጥታ የእኛ ሆኗል። ቀድሞ የአባይን ደለል የሚሸከሙት ሱዳን ውስጥ ያሉት የሴናርና የሮዘሪስ ግድቦች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተጠናቀቀው ሮዘሪስ ከመጀመሪያ አቅሙ ከሲሶ በላይ በደለል ተይዞበት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ግድቡን ከፍ ማድረግ ግድ ሆኗል። አሁን አብዛኛው ደለል የሚቀረው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በሚይዘው በእኛው ሐይቅ ውስጥ ነው። 140 ሚሊዮን ቶን ሐይቅ ውስጥ ሲረጋ በግምት 120 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ቦታ ይይዛል እንበል፤ በዚህ ሒሳብ ሐይቁ ሙሉ በሙሉ እስኪሞላ ከ600 ዓመት በላይ ይወስዳል። ይህ የሚያጽናና ቢሆንም ደለል ከግድቡ ሥር ጀምሮ ተስተካክሎ አይነጠፍም። መጀመሪያ የሚከመረው ወንዙ ሐይቁን በሚገናኝበት ጫፍ ስለሆነ፣ ለኃይል ማመንጫ የሚውለውን ውሃ ቦታ ቀድሞ ይሻማል። ከዚያም በላይ ስህተት የሚጎዳው ትንንሾቹን ግድቦች ነው። የደለሉ ግምት በግማሽ ያነሰ ቢሆን ሕዳሴ ይችለዋል፤ ለ50 ዓመት የታቀደ የመስኖ ግድብ ግን በ25 ዓመት ይሞላል። ጎንደርን የሚያጠጣው የአንገረብ ግድብ ዕድሜው ሳይደርስ በደለል መጨናነቁ ይህን በደንብ ያሳያል።

የስሌቱ መነሻ ቀላል ነው። ከወንዙ ውሃ በጠርሙስ ይቀዳል፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይጣራል፤ በማጣሪያው ላይ የቀረው አፈር በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ደርቆ ይመዘናል። ይህ በአንድ ሊትር ውስጥ ስንት ግራም ደለል እንዳለ ይነግረናል። ያንን በወንዙ ፍሰት ስናባዛ ጭነቱ ይወጣል። ለምሳሌ በሰከንድ 100 ሜትር ኩብ የሚፈስ ወንዝ በሊትር 3 ግራም ደለል ቢይዝ፣ በሰከንድ 300 ኪሎ ግራም አፈር ይዞ ያልፋል ማለት ነው። ያ ፍሰት ሙሉ ቀን ከቆየ 25,920 ቶን ይሆናል። በአንድ ቀን፣ በአንድ ወንዝ።

ፍሰትን በየቀኑ ማወቅ ይቻላል፤ የውሃውን ከፍታ አንብቦ ወደ ፍሰት መቀየር ነው። የደለሉን መጠን በየቀኑ ማወቅ ግን ሰው፣ መኪና፣ ቤተ ሙከራና ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት መንገድ አንድ ዓይነት ነው፦ ናሙና በተወሰደባቸው ቀናት በፍሰትና በደለል መካከል ያለው ዝምድና ይፈለጋል፤ ከዚያ ናሙና ያልተወሰደባቸው ቀናት ጭነት ከፍሰታቸው ይገመታል። በ365 ቀን ውስጥ 20 ናሙና ካለን፣ የቀሩትን 345 ቀናት የሚሞላው ስሌቱ ነው።

ዝምድናውን ለማግኘት ፍሰቱም ጭነቱም ወደ ሎጋሪዝም ይቀየሩና ቀጥ ያለ መስመር ይሰመርባቸዋል። ብዙ ሰው በኤክሴል የሚሠራው ይህንን ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ጋ ነው። በሎጋሪዝም መሃል ለመሃል ያለፈ መስመር ወደ ቶን ሲመለስ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ምክንያቱም ከመስመሩ በላይ ያሉት ነጥቦች ወደ እውነተኛ መጠን ሲመለሱ ከመስመሩ በታች ካሉት ይልቅ እጅግ ይገዝፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 ፈርግሰን የተባለ ተመራማሪ የወንዝ ጭነት በዚህ ምክንያት በተደጋጋሚ እያነሰ እንደሚገመት አሳይቶ ማረሚያውን አስቀምጧል። በተፈጥሮ ሎጋሪዝም የነጥቦቹ መበታተን 1 ከሆነ ውጤቱ በ1.65 መባዛት አለበት። ይህን የዘነጋ ሰው 100 ቶን ያለው በትክክል 165 ቶን ነው። ለድፍርስ ወንዞቻችን ደግሞ 1 የሚያህል መበታተን የተጋነነ አይደለም። ማረሚያውን ማድረግ አለማድረጉን ሳይናገር የደለል ቁጥር የሚያቀርብ ሪፖርት ካጋጠማችሁ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ሎድኤስት የተባለው ፕሮግራም የተሠራው እንዲህ ያለውን ስህተት ለማስቀረት ጭምር ነው። ረንክል፣ ክሮፎርድና ኮን የተባሉ ባለሙያዎች በፎርትራን ቋንቋ የጻፉት ሲሆን፣ በውስጡ አስቀድመው የተዘጋጁ 11 የሪግሬሽን (ከተለኩ ነጥቦች ዝምድናን የሚያወጣ ስሌት) ቀመሮች አሉት። ተጠቃሚው የናሙና ፋይልና የዕለት ፍሰት ፋይል ይሰጠዋል፤ ፕሮግራሙ የትኛው ቀመር መረጃውን በተሻለ እንደሚገልጽ አወዳድሮ ይመርጣል፣ የሎጋሪዝሙን ማነስ ያርማል፣ ከዚያ የወርና የወቅት ጭነትን ከስህተት ወሰኑ ጋር ያወጣል። ሌላም ጥቅም አለው። ቤተ ሙከራ «መሣሪያዬ ሊያየው ከሚችለው በታች ነው» ብሎ የመለሰውን ናሙና እንደ ዜሮ አይቆጥረውም፣ አይጥለውምም፤ በስታቲስቲክስ ተገቢውን ቦታ ይሰጠዋል። ይህ ለከባድ ብረታ ብረትና ለፀረ ተባይ ኬሚካል ስሌት በጣም ያስፈልጋል። ሰፊው ቀመር ከፍሰት በተጨማሪ ወቅትንና የዓመታትን ለውጥ ያካትታል፤ ወቅቱን የሚወክለው በዓመት አንዴ ከፍና ዝቅ በሚል ለስላሳ ሞገድ ነው። ይህችን ሞገድ ያዙልኝ፤ ወደ ሀገራችን ስንመለስ እንፈልጋታለን።

እነዚህ ፕሮግራሞች በደንብ የተፈተኑበት ቦታ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ቤታቸው በዚህ ተፋሰስ ውስጥ ነው፤ ደጃቸው ላይ የዘነበው ዝናብ በአናኮስቲያ ወይም በፖቶማክ አድርጎ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይገባል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2010 ለዚህ ተፋሰስ የብክለት ጣሪያ ደነገገ፦ ናይትሮጂን በዓመት 185.9 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ፎስፈረስ 12.5 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ደለል 6.45 ቢሊዮን ፓውንድ። 6 ግዛቶችና ዲሲ ድርሻ ድርሻቸውን ተካፈሉ። ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ያለው ሰው እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ሕግ መሠረት ለባሕረ ሰላጤው ማገገሚያ የሚከፈል ክፍያ ይጠየቃል። ገንዘቡ ለውጥ ማምጣት አለማምጣቱን ለማወቅ በወንዞቹ አፍ ላይ የሚያልፈውን ጭነት ዓመት በዓመት ማስላት ያስፈልጋል። ቁጥሩ ከተሳሳተ ገበሬውም፣ ፍሳሽ ማጣሪያውም፣ ከፋዩም ያላግባብ ይጠየቃል።

እዚያ የተገኘው ትምህርት ሁለት ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 ሊ የተባለው ማዕበል ሲመጣ ሳስኩዋሃና ወንዝ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ባሕረ ሰላጤው ያስገባው ደለል በአሥር ዓመት ካስገባው ወደ 40 በመቶ የሚጠጋ ነበር። የእነዚያ ቀናት ውሃ ግን ከአሥር ዓመቱ ፍሰት 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። አንድ ነጋዴ በሳምንት ስንት እንደሚያስገባ ለማወቅ ከገበያ ቀን በስተቀር ያሉትን ቀናት ብቻ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ የቆጠረ ሰው ምን ያህል እንደሚሳሳት አስቡት፤ ጎርፍ ሳይቀዳ የተሠራ የደለል ስሌትም እንደዚያ ነው። ሌላው ትምህርት በዚሁ ወንዝ ታችኛው ክፍል ላይ ካለው የኮኖዊንጎ ግድብ የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 የተሠራው ግድብ ለብዙ ዓመታት ደለሉን አስቀርቶ ታች ያለውን ባሕረ ሰላጤ ሲጠብቅ ኖሯል። እየሞላ ሲመጣ ደለልና ፎስፈረስን የማስቀረት አቅሙ ተዳከመ። ማለትም በፍሰትና በጭነት መካከል ያለው ዝምድና ራሱ ከዘመን ወደ ዘመን ተለወጠ። ለሃያና ሠላሳ ዓመት አንድ ቋሚ ቀመር የሚያስቀምጥ ፕሮግራም እንዲህ ያለውን ለውጥ በቅጡ ሊያይ አይችልም።

ሮበርት ሂርሽና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ያቀረቡት ደብልዩ አር ቲ ዲ ኤስ የተባለው ዘዴ የመጣው ለዚህ መልስ ሆኖ ነው። ለእያንዳንዱ ቀን ለብቻው ሪግሬሽን ይሠራል፤ በዓመት፣ በወቅትና በፍሰት ለዚያ ቀን ለሚቀርቡት ናሙናዎች ከፍ ያለ ክብደት ይሰጣል፣ ለራቁት ዝቅ ያለ። የሚሠራው አር በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ በተጻፈ፣ ኢግሬት በሚባል ጥቅል ውስጥ ነው። ሂርሽ ሎድኤስት በአንዳንድ ወንዞች ላይ ጭነቱን እጅግ አዛብቶ ሊያወጣ እንደሚችልም አሳይቷል። ግን ዘዴው ዋጋ ያስከፍላል፤ ብዙ ዓመታትን የሚሸፍን ከመቶ በላይ ናሙና ይፈልጋል። አብዛኞቹ ወንዞቻችን ያን ያህል የላቸውም።

አሁን ወደ ጣና እንምጣ። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወደ ሐይቁ ከሚገባው የወንዝ ውሃ ከ90 በመቶ በላይ ያስገባሉ። በእነዚህ ወንዞች ላይ አንድ ፍሰት አንድ የደለል መጠን ብቻ የለውም። ሰኔ መጨረሻ ላይ ገበሬው ደጋግሞ አርሶ አፈሩን አለስልሷል፤ እርሻው ራቁቱን ነው፤ አዲሱ ጎርፍ በታረሰው መሬት ላይ ቦይ ቦይ እየቀደደ ይወርዳል። ነሐሴ ሲገባ ቦዮቹ ቅርጻቸውን ይዘዋል፣ ሰብሉ መሬቱን ሸፍኗል፣ ከከርሰ ምድር የሚመነጨው ንጹሕ ውሃም ድፍርሱን ያቀጥነዋል። በሰኔ በሰከንድ 100 ሜትር ኩብ ሲፈስ በሊትር 5 ግራም የያዘ ወንዝ፣ በመስከረም በዚያው 100 ሜትር ኩብ ግማሽ ግራም ይዞ ሊያልፍ ይችላል። ለሁለቱ አንድ መስመር ያሰመረ ሰው የሰኔውን አሳንሶ የመስከረሙን አግኖ ይገምታል፤ ናሙናው የበዛው በየትኛው ወር እንደሆነ ታይቶም የዓመቱ ድምር ወደ አንዱ ይዘማል።

ይህን በግልጽ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1981 በኢትዮጵያ መንግሥትና በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተጀመሩት የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች ናቸው። ጎጃም ውስጥ ያለችው አንጀኒ 113 ሄክታር ገደማ የምትሸፍን ትንሽ ተፋሰስ ናት። እዚያ ዝናብ ሲጥል፣ ውሃው ቡናማ መሆን ሲጀምር፣ ሠራተኛው በየ10 ደቂቃው አንድ ጠርሙስ ይቀዳ ነበር፤ ሲጠራ በየ30 ደቂቃው። ማይባርና አንዲት ጥድም እንዲሁ። ለዓመታት በዝናብ ውስጥ እየቆሙ ጠርሙስ የሞሉ፣ ስማቸው በየትኛውም የጥናት ሽፋን ላይ ያልወጣ የአካባቢው ልጆች ያከማቹት ያ መረጃ፣ በአፍሪካ ተራራማ አገሮች ከተሰበሰበው ሁሉ እጅግ ውድ ነው ብል አላጋነንኩም። የባሕር ዳርና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከእንዲህ ያለው መረጃ ተነሥተው ለእኛ የሚስማማ ቀመር አቅርበዋል፦ ወቅቱን በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን ክረምቱ ከገባ ወዲህ በተጠራቀመ ዝናብ ይለኩታል። ከትነት የተረፈው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ እስኪደርስ ድረስ ወንዙ የሚሸከመው ደለል እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ በዝቅተኛ ደረጃ ይረጋል።

ሎድኤስት ወቅትን በለስላሳ ሞገድ እንደሚወክል ያልኩት እዚህ ላይ ያስፈልጋል። ዓመቱን ሙሉ ለሚፈስና ዓመቱን ሙሉ ናሙና ለሚወሰድበት ወንዝ ሞገዱ ይስማማል። ናሙናው በሙሉ ከሰኔ እስከ መስከረም ብቻ ከሆነ ግን ሞገዱ የሚታሰረው በአራቱ ወራት ነው፤ የቀሩት ስምንት ወራት ላይ የፈለገበት ሊወጣና ሊወርድ ይችላል። ክረምቱ ዘግይቶ በገባበት ዓመት ደግሞ ሞገዱ ቀኑን ያውቃል እንጂ ዝናቡን አያውቅም። ስለዚህ ሎድኤስትን አውርዶ፣ የጉማራን ፋይል አስገብቶ፣ የወጣውን ቁጥር እንዳለ መውሰድ ትክክል አይሆንም። ፕሮግራሙ ተጠቃሚው የራሱን ተለዋዋጭ እንዲያስገባ ስለሚፈቅድ፣ የተጠራቀመ ዝናብን መጨመር ይቻላል። ለአንድ የማስተርስ ተማሪ የሚበቃ፣ ለአገር የሚጠቅም ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን የናሙናው ሰዓት ነው። በብዙ ጣቢያዎቻችን የውሃው ከፍታ የሚነበበው ወንዙ ዳር ከተተከለው ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ ላይ ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት። የደጋው ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላና ማታ ይጥላል፤ ጎርፉ ወንዙ ጋ የሚደርሰው ሰው ከተኛ በኋላ ነው። ከሁለቱ ንባቦች መካከል መጥቶ የሄደ ጎርፍ መዝገብ ላይ የለም። የደለል ናሙና ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው፤ የሚወሰደው ከከተማ ቡድን ሲመጣ፣ በቀን፣ መንገዱ ሲፈቅድ ነው። ድልድዩ ጋ መኪና በማይደርስበት የጎርፍ ቀን ናሙና የለም። ማንኛውም ፕሮግራም ደግሞ ካየው ከፍተኛ ፍሰት በላይ ያለውን የሚገምተው መስመሩን በማስረዘም ብቻ ነው። በዓመቱ ትልቁን ጭነት የሚወስኑት እነዚያው ያልታዩት ሌሊቶች ናቸው። በዚያ ላይ ከወንዙ ሥር የሚንከባለለው ጠጠርና ሸካራ አሸዋ በጠርሙስ አይያዝም፤ አብዛኛውን ጊዜ በመቶኛ ተገምቶ ይጨመራል።

ስዋት የተባለው የተፋሰስ ሞዴል በዩኒቨርሲቲዎቻችን በጣም የተለመደ ስለሆነ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ስዋት ከአፈር፣ ከዝናብ፣ ከተዳፋትና ከመሬት አጠቃቀም ተነሥቶ ደለልን ያሰላል፤ ከዚያ ከተለካው ጋር ይነጻጸራል። በብዙ ጥናቶች ላይ ግን «የተለካ» ተብሎ የሚቀርበው የዕለት ደለል ራሱ ከጥቂት ናሙና በመስመር የተገመተ ነው። ሞዴሉ ከግምት ጋር ተስማማ ማለት ከወንዙ ጋር ተስማማ ማለት አይደለም። የጥናቱ ውጤት ያማረ ቢመስልም ከሥሩ ያሉት ጠርሙሶች ስንት እንደሆኑ መነገር አለበት።

የብክለት ጭነት ስሌቱ ተመሳሳይ፣ ጠባዩ የተለየ ነው። ፎስፈረስ አብዛኛው ከደቃቅ አፈር ጋር ተጣብቆ ስለሚጓዝ ወደ ጣና የሚገባው በጎርፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ መታየት የጀመረው እምቦጭ ከሚመገባቸው አንዱ ይህ ነው። እምቦጭን በእጅም በማሽንም ማንሳት አስፈላጊ ቢሆንም፣ የትኛው ወንዝ ስንት ፎስፈረስ እንደሚያስገባ ሳይሰላ የትኛው ተፋሰስ ላይ ይሠራ የሚለው ጥያቄ መልስ አያገኝም። አቃቂ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከፋብሪካና ከከተማ ቤት የሚወጣ ፍሳሽ በጋ ከክረምት ስለማይቋረጥ፣ ውሃው ሲቀንስ በሊትር ያለው ብክለት ይጨምራል፤ በጎርፍ ጊዜ ይቀጥናል፣ የመጀመሪያው ዝናብ ግን በጋውን ሙሉ የተከማቸውን ጠርጎ በአንድ ጊዜ ያወርዳል። ስለዚህ አቃቂ ላይ የበጋ ናሙናም ያስፈልጋል። ከታች ያለው አባ ሳሙኤል በደለልና በቆሻሻ ተሞልቶ ለአሥርት ዓመታት ከሥራ ውጭ ሆኖ የቆየ ግድብ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

መደረግ ያለበት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይመስለኝም። ወንዙ ዳር ለሚኖረው አንባቢ ተገቢ ክፍያ፣ ጠርሙስ፣ ባትሪና የዝናብ ልብስ ሰጥቶ፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጨረሻ በጎርፍ ሌሊት እንዲቀዳ ማድረግ ይቻላል፤ አንጀኒ ላይ የተሠራውም እንዲሁ ነው። በዋና ዋናዎቹ ጣቢያዎች የውሃውን ድፍርስነት በየደቂቃው የሚመዘግብ መሣሪያ ማኖር፣ በናሙና እያመሳከሩ መጠቀም፣ ሌሊቱን ይሸፍናል። መረጃው ለተመራማሪ ሁሉ ክፍት ይሁን። ማንኛውም የደለል ቁጥር ሲወጣ ከስንት ናሙና፣ ከየትኛው ወር፣ በየትኛው ቀመር፣ በምን ያህል የስህተት ወሰን እንደተገኘ አብሮ ይጻፍ። በየዓመቱ ሚሊዮኖች በሚወጡበት የእርከንና የችግኝ ሥራ ደለል ቀነሰ የሚለው ንግግርም መመሥረት ያለበት በዚህ ላይ ነው። ዝናብ ባነሰበት ዓመት ደለል ያለ እርከንም ይቀንሳል፤ ሁለቱን የሚለየው ፍሰቱን አስተካክሎ የዓመታትን ለውጥ ለብቻው የሚያወጣ ስሌት ብቻ ነው። ገበሬው በነጻ ጉልበቱ የሠራው ሥራ ፍሬ ካፈራ፣ ያንን በማያጠራጥር ቁጥር ማሳየት ይገባዋል።

ሕዳሴም ራሱ ከዚህ በፊት ያልነበረን ማረጋገጫ ሰጥቶናል። የሐይቁን ወለል በድምፅ ሞገድ እየለኩ ካርታ ማንሳት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ መልሶ ማንሳት፣ በመካከሉ የተከማቸውን ደለል በቀጥታ ያወጣል። ከውሃ በፊት የነበረው መሬት ቅርጽና የመጀመሪያዎቹ ልኬቶች በጥንቃቄ ከተያዙ፣ በወንዙ ላይ በጠርሙስና በፕሮግራም የተሰላው ድምር ከሐይቁ ወለል ልኬት ጋር ይነጻጸራል። ያኔ 140 ሚሊዮን ይሁን 110 ሚሊዮን፣ ወይስ ከሁለቱም የራቀ፣ ይለያል።